ታካሚ በትንፋሹ የሚስበው እንቅልፍ፦ የሰመመን ጋዞች እንዴት ይሠራሉ?

በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከሐኪሙ ምላጭ ይልቅ የሚሰጋው ማደንዘዣውን ነው። «ይነቃ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ «ሕመሙ ይድን ይሆን?» ከሚለው ይቀድማል። ታካሚው ሳይመለስ የቀረ እንደሆነም፣ የሞቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ በለቅሶ ቤት የሚነገረው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ማደንዘዣ በዝቶበት ነው።»

ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ሰመመን የሚያመጡ መድኃኒቶች ኃይለኞች ናቸው፤ ከመጠን ካለፉ ትንፋሽን ያቆማሉ፣ ልብንም ያደክማሉ። ይሁንና በዚህ አባባል ውስጥ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ማደንዘዣው እንደ ክትባት አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚወጋ፣ ከዚያ በኋላ ዕድል ብቻ የሚጠበቅበት ነገር ተደርጎ ይታሰባል። በትንፋሽ የሚሰጠው ሰመመን ግን እንዲህ አይደለም። በሳንባ ይገባል፤ በሳንባ ይወጣል። መጠኑም ቀዶ ሕክምናው እስኪያበቃ ድረስ ከትንፋሽ ትንፋሽ ሊጨመርና ሊቀነስ ይችላል። በመሆኑም የታካሚው ደኅንነት በጠርሙሱ ውስጥ ካለው መድኃኒት ይልቅ በራስጌው ተቀምጦ መዘውሩን በሚይዘው ባለሙያ ንቃት ላይ ይመሠረታል።

እርግጥ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ሙሉ ሰመመን አይሻም። ጥርስ ሲነቀል የሚደነዝዘው ድዱ ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶችም አብዛኞቹ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ ተሰጥቷቸው፣ ነቅተው የልጃቸውን የመጀመሪያ ለቅሶ ይሰማሉ። የላይኛው ሆድ ወይም ደረት ሲከፈት፣ ወይም ታካሚው ጸጥ ብሎ መተኛት የማይችል ሕፃን ሲሆን ግን ሙሉ ሰመመን ያስፈልጋል። ለአዋቂዎች እንቅልፉን የሚያስጀምረው ብዙውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ እንደ ፕሮፖፎል ወይም ኬታሚን ያለ መድኃኒት ነው። የእነዚህ ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቀንስ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፉን ለሰዓታት የሚያቆየው በትንፋሽ የሚገባው መድኃኒት ነው። መርፌ የሚያስፈራው ሕፃን ደግሞ ከመጀመሪያውም በጭንብል ብቻ እየሳበ እንዲተኛ ይደረጋል።

«ጋዝ» ተብለው ቢጠሩም አብዛኞቹ በጠርሙስ የሚመጡ ፈሳሾች ናቸው። ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። በክፍል ሙቀት በራሱ ጋዝ ሆኖ በሲሊንደር የሚቀመጠው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ፈሳሾቹን ወደ ተን የሚለውጠው ቬፖራይዘር የሚባለው መሣሪያ ነው። ኦክስጅን ወይም አየር በመሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ የፈሳሹን ተን ይዞ ይወጣል፤ ባለሙያው መዘውሩን በማዞር ምን ያህል ተን ከአየሩ ጋር እንዲቀላቀል ይወስናል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ቬፖራይዘር አለው። አንዱን በሌላው ዕቃ መሙላት ለታካሚው አደገኛ በመሆኑ መሣሪያዎቹ በቀለም ይለያሉ፦ ለሃሎቴን ቀይ፣ ለአይሶፍሉሬን ሐምራዊ፣ ለሴቮፍሉሬን ቢጫ፣ ለዴስፍሉሬን ሰማያዊ። ዴስፍሉሬን በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ ስለሆነ፣ ሞቃት ቀን ብቻውን ሊያፈላው ይችላል፤ በዚህም የተነሣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልዩ ቬፖራይዘር ያስፈልገዋል።

ታካሚው የሳበው ተን በሳንባ ውስጥ ወዳሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ከዚያ ስስ ግድግዳቸውን አልፎ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሻገራል። እዚህ ላይ ለሰሚው ግራ የሚመስል ነገር አለ። በደም ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ መድኃኒት ፈጥኖ የሚያስተኛ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሚያስተኛው በአንጎል ውስጥ የሚፈጠረው የተኑ ግፊት ነው። ደም መድኃኒቱን በብዛት የሚውጥ ከሆነ ግፊቱ ቶሎ ከፍ አይልም። ደሙን እንደ ዕቃ ብናስበው፣ ለጥንቱ ኤተር ደም ሰፊ ጋን ነው፤ እስኪሞላ ድረስ አንጎል ይጠብቃል። ለሴቮፍሉሬን ግን ትንሽ እንስራ ነው፤ ወዲያው ይሞላል። በቁጥር ሲገለጽ፣ ሚዛኑ ሲደርስ ደም በሳንባ አየር ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር 12 እጥፍ ያህል ኤተር ይይዛል። ሃሎቴን 2.4፣ አይሶፍሉሬን 1.4፣ ሴቮፍሉሬን ደግሞ 0.65 ገደማ ነው። የሞላው ሁሉ ተመልሶ መውጣት ስላለበት፣ ይኸው ልዩነት የመንቂያውንም ፍጥነት ይወስናል። በኤተር የተኛ ሰው ለመንቃት ረጅም ጊዜ ይፈልግ የነበረው፣ በሴቮፍሉሬን የተኛ ሕፃን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን የሚገልጠው ለዚህ ነው።

ምን ያህሉ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መለኪያ የተገኘው በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ኤድመንድ ኢገር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ቆዳ በምላጭ ሲሰነጠቅ ከታካሚዎች ግማሾቹ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርገውን በሳንባ ውስጥ ያለ የተን መጠን እንደ መለኪያ ወሰዱ። ባለሙያዎች በአጭሩ «ማክ» ይሉታል። ለሃሎቴን ማክ 0.75 በመቶ ገደማ፣ ለአይሶፍሉሬን ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ለሴቮፍሉሬን 2 በመቶ፣ ለዴስፍሉሬን 6 በመቶ ያህል ነው። ለናይትረስ ኦክሳይድ ግን 104 በመቶ ነው። ከመቶ በላይ የሆነ መጠን በተራ አየር ግፊት መስጠት ስለማይቻል፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሌላው አጋዥ እንጂ ለብቻው የቀዶ ሕክምና ሰመመን ሊሆን አይችልም ማለት ነው። መለኪያው የግማሾቹ ታካሚዎች መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ የቀሩት ግማሾች ይንቀሳቀሳሉና። ከዚህም ሌላ ፍላጎቱ ከ40 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የ20 ዓመት ጎልማሳን በቅጡ የማያስተኛ መጠን የ80 ዓመት አዛውንትን የደም ግፊት ሊጥል ይችላል። ስለዚህ «ለአንድ ሰው የሚበቃ ማደንዘዣ» የሚባል የተወሰነ ልክ የለም።

መድኃኒቶቹ አንጎልን በምን መንገድ እንደሚያስተኙ ሳይንስ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃንስ ሜየርና ቻርልስ ኦቨርተን፣ አንድ የሰመመን መድኃኒት በወይራ ዘይት ውስጥ በሟሟ ቁጥር ኃይሉ እንደሚጨምር ለየብቻቸው ደርሰውበት ነበር። ከዚህም ተነሥቶ መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በነርቭ ሕዋሳት የስብ ሽፋን ላይ ነው የሚለው ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ገዝቶ ቆየ። ዛሬ ትኩረቱ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ወዳሉት የፕሮቲን በሮች ዞሯል። በተለይ የነርቭን ንቃት የሚያበርደው ጋባ የተባለ ኬሚካል የሚከፍተው በር በእነዚህ መድኃኒቶች አማካይነት ለረዥም ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አንጎልም ጸጥ ይላል። አለመንቀሳቀሱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአንጎል ሳይሆን ከሕብለ ሰረሰር ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ሐኪሞች ሕመምን ማጥፋት ይቻላል ብለው ባላመኑበት ዘመን ነው። ሆራስ ዌልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1844 መጨረሻ ናይትረስ ኦክሳይድ ስበው የራሳቸውን ጥርስ አስነቀሉ፤ ሕመሙም አልተሰማቸውም። በቀጣዩ ወር ቦስተን ሄደው በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሲሞክሩት ግን ታካሚው ጮኸ፤ ዌልስም ተሳለቁባቸው። የጋዙ ከረጢት ቀድሞ ተነሥቶ እንደነበር ይነገራል፤ የናይትረስ ኦክሳይድን ደካማነት የሚያውቅ የዛሬ ባለሙያ በውጤቱ አይደነቅም። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው አልተቃናም፤ በመጨረሻም የክሎሮፎርም ሱሰኛ ሆነው በ1848 የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ።

በዚያችው በቦስተን፣ ጥቅምት 16 ቀን 1846፣ የዌልስ የቀድሞ ባልደረባ ዊሊያም ሞርተን በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ለአንድ ወጣት ኤተር አስሳቡት። ቀዶ ሐኪሙ ጆን ዋረን በአንገቱ ላይ የነበረውን እባጭ ሲቀዱ ወጣቱ አልጮኸም። በጆርጂያ ግዛት ክሮፎርድ ሎንግ የተባሉ ሐኪም በ1842 ተመሳሳይ ነገር አድርገው እንደነበር የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሥራቸውን ያሳተሙት በ1849 ነበርና። በ1847 ደግሞ በኤድንብራ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቁ። ከኤተር ይልቅ ፈጣንና ሽታው የሚወደድ በመሆኑ ወዲያው ተስፋፋ።

ሐዘኑም አልዘገየም። በጥር 1848 በሰሜን እንግሊዝ ሃና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግሯ ጣት ጥፍር እንዲነቀልላት ክሎሮፎርም በጨርቅ ተሰጣት። በደቂቃዎች ውስጥም ሞተች። ቀደም ሲል የሌላው እግሯ ጥፍር በኤተር ተነቅሎላት ምንም አልሆነችም ነበር። የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ከእንዲህ ያሉ ሞቶች የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነበር። በጨርቅ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም፤ የሙቀቱን ለውጥ ተከትሎም ተኑ ይበዛል ወይም ያንሳል። ስለዚህ የሚተነፈሰውን መጠን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠሩ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጧቸው እኚሁ ሐኪም ናቸው። በዓመቱ በለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ ምንጭ አንድ የውሃ ቧንቧ መሆኑን ያሳዩትም እርሳቸው ናቸው፤ ዓለም የበለጠ የሚያውቃቸው በዚህ ቢሆንም፣ ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ያለው ቬፖራይዘር የዚያ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ልጅ ነው።

ኤተር በእሳት ይፈነዳል፤ ክሎሮፎርም ልብንና ጉበትን ይጎዳል። በ1956 ሥራ ላይ የዋለው ሃሎቴን የማይቀጣጠልና ለሕፃናት የማይጎረብጥ ሽታ ያለው በመሆኑ ሁለቱን ከመድረኩ አስወጣ። እርሱም ግን እንከን አላጣም። ከተሳበው ሃሎቴን 20 በመቶ ያህሉ በጉበት ውስጥ ይሰባበራል። አልፎ አልፎም፣ በተለይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግመው በወሰዱት ሰዎች ላይ፣ ለሞት የሚያደርስ የጉበት ብግነት ያስከትላል። ልብንም ለአድሬናሊን እጅግ ስሱ ያደርገዋል። በአይሶፍሉሬን ላይ የሚሰባበረው ከ1 በመቶ በታች ነው። በሀብታም አገራት ሃሎቴን ከገበያ ከወጣ ቆየ። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ ታዳጊ አገራት ለረጅም ዘመን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል።

በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ በተራ አየር የሚገኘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ናይትረስ ኦክሳይድም በዚያው ልክ ይደክማል። ተራው ቬፖራይዘር ግን ለዚህ ራሱን ያመቻቻል፦ የተኑ የመቶኛ ድርሻ ከመዘውሩ ቁጥር ቢበልጥም፣ አንጎልን የሚያስተኛው ግፊት ያው በመሆኑ ባለሙያው የለመደውን ቁጥር መጠቀም ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው የዴስፍሉሬን መሣሪያ ግን መቶኛውን እንጂ ግፊቱን ስለማይጠብቅ፣ በከፍታ ቦታ መዘውሩ ከፍ ሊደረግ ይገባዋል። በደጋ ዋናው ጥንቃቄ እንግዲህ የኦክስጅኑ ነው፤ ያልታመመ ሰው እንኳ የያዘው ትርፍ ጥቂት ነውና።

ባለሙያው ከታካሚው ራስጌ የማይነሣው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ኃላፊነት በአብዛኛው የሚሸከሙት በሰመመን ሕክምና በዲግሪ ደረጃ የሠለጠኑ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዘርፉ ስፔሻሊስት የሆኑ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ነው። የሚሠሩትም «ማስተኛት» ብቻ አይደለም። የታካሚውን ትንፋሽ በእርሱ ፈንታ ይተነፍሱለታል፤ የደም ግፊቱን በየደቂቃዎቹ ይለካሉ፤ የሚፈሰውን ደም ይተካሉ፤ ምላጩ ሕመም ወደሚበዛበት ቦታ ሲቃረብ መድኃኒቱን ይጨምራሉ፣ ስፌቱ ሲጀመር ይቀንሳሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ የደረሱበት ሐሳብ ውጤት ሲሆን፣ የከንፈር መጥቆር ለዓይን ከመታየቱ በፊት ያስጠነቅቃል። የድምፁ ቅጥነት ኦክስጅኑ ሲወርድ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ማያውን ሳያይ በጆሮው ብቻ ይከታተላል። መብራት በሚጠፋበትና የኦክስጅን ሲሊንደር በሚያልቅበት ሆስፒታል፣ ታካሚው በራሱ ትንፋሽ ወይም በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ተኑን ከተራ አየር ጋር የሚስብበት ቀላል መሣሪያም አለ። እንዲህም ሆኖ ተጨማሪ ኦክስጅን ማግኘት በደጋማው ስፍራ ቅንጦት አይደለም።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አንደኛው ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው። በሰመመን ውስጥ የጉሮሮ መከላከያ ስለሚተኛ፣ ከጨጓራ የተመለሰ ነገር ያለ ሳል ወደ ሳንባ ይገባል። ከታቀደ ቀዶ ሕክምና በፊት ጠጣር ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ወተት ለ4 ሰዓት፣ ጥርት ያለ ውሃ ለ2 ሰዓት እንዳይወሰድ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቅባት ወይም ሥጋ የበዛበት ማዕድ ከዚህም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። አጥሚትና በሶ ቢጠጡም ውሃ አይደሉም፤ የላም ወተትም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ለበረከት የተቀመሰ ጠበልም ቢሆን ለሆድ ውሃ ነውና ሰዓቱ ለባለሙያው መነገር አለበት። ታካሚ አስታሞ «አልበላሁም» ቢል የሚያታልለው ሐኪሙን አይደለም።

ጫት የቃመም እንደዚሁ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን የሚያነቃቃ በመሆኑ፣ በተለይ ልብን ለአድሬናሊን ስሱ ከሚያደርገው ሃሎቴን ጋር የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የአልኮል ልማድ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ያለፈ ቀዶ ሕክምናና የተከሰተ ችግር ሁሉ በዋዜማው የሚጠየቁት ለክስ ሳይሆን ለዝግጅት ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ቤተሰብ ነው፤ የዚህ ጥያቄ ዋጋ የታወቀውም በአንድ ፈሪ ታካሚ ምክንያት ነው። በ1960 ገደማ በአውስትራሊያ ሜልቦርን የ21 ዓመት ተማሪ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ከስብራቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ማደንዘዣው ነበር፤ አሥር ዘመዶቹ በኤተር ሰመመን ሥር ሞተውበት ነበርና። ሐኪሞቹ አዲሱን ሃሎቴን በጥንቃቄ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ የደም ግፊቱ ወረደ፤ ልቡ ፈጠነ፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ። መድኃኒቱን ወዲያው አቁመው በበረዶ አቀዘቀዙት፤ ተረፈም። ማይክል ደንቦሮ የተባሉ ሐኪም የቤተሰቡን ታሪክ ተከታትለው፣ በዘር የሚወረስና ጡንቻን ከቁጥጥር ውጭ የሚያግል ችግር መኖሩን ለዓለም አሳወቁ። ችግሩ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከናይትረስ ኦክሳይድ በቀር ተን የሆኑት የሰመመን መድኃኒቶች ሁሉ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ዛሬ ዳንትሮሊን የሚባል ማርከሻ ተገኝቶለታል። ችግሩ በዘሩ ያለበት ሰው አስቀድሞ ከታወቀ፣ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ብቻ ያለ ስጋት ሊተኛ ይችላል። «በቤተሰባችሁ በማደንዘዣ ላይ የሞተ ወይም የታመመ አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ አስታማሚ የሰማውን ወሬ እንኳ ቢሆን ሊናገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ ባለሙያው መዘውሩን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የመውጫው መንገድ የመግቢያው ነው፦ ተኑ ከአንጎል ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ውጭ ይወጣል። አብዛኛው ሳይለወጥ ወደ አየር ስለሚሄድ ለክፍሉ ሠራተኞች ጤናም ሆነ ለከባቢ አየር ጥያቄ አስነሥቷል። ዴስፍሉሬን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2 ሺህ 500 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚይዝ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2026 ጀምሮ ሕክምናው የግድ ካላለው በቀር አጠቃቀሙን ከልክሏል።

ታካሚው በመጀመሪያ የሚመለስለት ትንፋሹ ነው፤ ከዚያ መዋጥና ማሳል፣ በመጨረሻም ስሙን ሲጠሩት ዓይኑን መግለጥ። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል። ሕፃናት ለጥቂት ደቂቃ እናታቸውን ሳይለዩ አምርረው ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ይህ ያልፋል። መንቃቱ ከተጠበቀው በላይ ከዘገየ ባለሙያዎች የሚመረምሩት ጋዙን ብቻ አይደለም፤ የደም ስኳርን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ለሕመም የተሰጠ መርፌን፣ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ቀሪን፣ የአንጎልን የደም ዝውውር ጭምር ይፈትሻሉ። በማገገሚያ ክፍል ውስጥም ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ አይነሣም፤ ጉሮሮው በቅጡ ሳይነቃ ብቻውን መተው አደጋ አለውና። በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ የሚመለስ ታካሚ ደግሞ ሙሉ የነቃ ቢመስለውም እንኳ ለ24 ሰዓት መኪና እንዳይነዳ፣ ውል እንዳይፈርም፣ ብቻውንም እንዳያድር ይነገረዋል።